የጾም ነው ያሉን መርፌ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልግ፣ የሆሣዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያሰርነው የዘንባባ ቀለበት ከጣታችን ሳይወልቅ፣ እትዬና እኔ አትላስ አካባቢ ወዳለ አንድ የጉልበት ክሊኒክ ሄድን። እኔ ጤነኛ ነበርኩ። የታመመችው እትዬ ናት።

እትዬ የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ናት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ወደ ቦሌ ለሚ በኩል ተድሬ ስመጣ አካባቢው ሁሉ እርሻ ነበር፤ ከባለቤቴ ዘመዶች ጋር የምግባባበትን ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አራስ ሆኜ ገንፎ ያጎረሰችኝም እሷ ናት። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ዐርባ ቀን ሙሉ ቤቴን ሳትለቅ ተቀምጣለች። ስለ እሷ እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱም ጉልበቶቿ ተበልተዋል። የሆስፒታሉ ሐኪም ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳው አጥንት እንዳለቀ አሳያት። ክብደት ቀንሺ፣ ዱላ ያዢ፣ አትንበርከኪ አላት። ከዚህ ሁሉ የሰማችው “አትንበርከኪ” የሚለውን ብቻ ነው። የንስሐ አባታችን ደግሞ “ያልቻለ ተቀምጦ ራሱን ዝቅ ያድርግ፤ ግንባር መሬት ባይነካም ስግደት ነው” ብለዋታል። እሳቸውንም አልሰማችም።

“ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሰግጃለሁ፤ ዛሬ እንደ ተመልካች በርጩማ ላይ ልቀመጥ?” ትላለች።

ባለፈው ዓመት ስቅለት ላይ ስግደቱ መካከሉ ሳይደርስ ወድቃ ሁለት ሰው አነሣት። ያን ቀን ያለቀሰችው አሟት አይደለም። ሰው ስላያት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም በርጩማ ይዘው የሚመጡትን ሴቶች በጥሩ ዓይን አላያቸውም ነበር። በሕማማት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ሳይ በሆዴ “ሲኒማ መጡ” እል ነበር። እትዬ ይህን ሐሳቤን ታውቃለች። አንድ ቀን ተናግሬው አብረን ስቀናል።

ስለ ክሊኒኩ የሰማችው ከምራቷ ነው። በስልክ ቪዲዮ ላከችላት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የፕላስቲክ ጉልበት ይዞ፣ “የዕድገት ፕሮቲን” የሚባል ነገር በአንድ መርፌ ያለቀውን አጥንት መልሶ እንደሚያበቅል ይናገራል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለውጡ ይታያል ይላል። ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። ሰውየው ከአጥንቱ ይልቅ ፀጉሩ ላይ የደከመ ይመስላል።

“እሑድ ከተወጋሁ ሰኞ እሰግዳለሁ” አለችኝ። ቀኑን ቆጥራ ጨርሳለች።

የዕድገት ፕሮቲን የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። በጭኔ ይዤዋለሁ።

የመጨረሻ ልጄ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ትመራመራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በዚሁ ነው። ያን ፕሮቲን ከውጭ እስኪመጣላት ሰባት ወር ጠበቀች። ዕቃው አየር ማረፊያው ካርጎ ደረሰ ሲሏት አብሬያት ሄድኩ። ከፎም ሣጥን ውስጥ፣ ከበረዶ መካከል፣ ከትንሿ ጣቴ የምታንስ ብልቃጥ ወጣች። ዕቃውን የሚፈትሸው ሰውዬ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያትና አዘነልን።

“እህቴ፣ ተሸውደሻል። ባዶ ነው እኮ!”

“ባዶ አይደለም፤ ደርቆ ከሥሩ ተጣብቆ ነው” አለችው። እኔም አየሁ፤ ምንም የለም። እሷ የስልኳን መብራት ስታበራ ግን ጠዋት ቅጠል ላይ ጤዛ ደርቆ የሚተወውን የመሰለ ነገር ከታች ታየኝ። ሰባት ወር የተጠበቀው ይኸው ነው።

በታክሲ ስንመለስ ሣጥኑን እኔ አቀፍኩት። እሷ በየጉድጓዱ “እማዬ፣ አታንቀጥቅጪው” ትለኛለች፤ መንገዱን እኔ የሠራሁት ይመስል።

“ምን ያደርጋል?” አልኳት።

“ለሴሎች መልእክት ነው። ‘አጥንት ሁኑ፣ ለስላሳ አጥንት ሁኑ’ ይላቸዋል። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ይሄኛውን ግን ባክቴሪያ ነው የሠራው። የሰውን የአሠራር መመሪያ ሰጥተውት።”

“እንግዲህ የእትዬን ጉልበት ያድናላ?”

“አላውቅም፣ እማዬ። እኔ ገና የላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ላይ ነኝ።”

ይህን ያህል ዓመት ተምራ “አላውቅም” ስትል መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ከብዙ ሰው የማልሰማውን ቃል ከልጄ በመስማቴ ተመስገን አልኩ።

የቪዲዮውን ነገር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። በሌላ አገር ለቀዶ ሕክምና የተፈቀደ እንዳለ፣ እሱም ተለክቶና ተጠንቅቆ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። “የእኔ ዓይነቱ ከሆነ ግን ሰው ላይ አይደረግም። እትዬን አትሂዱ በያቸው። እምቢ ካሉ አብረሽ ሂጂና ብልቃጡን እዪልኝ” አለች።

ለእትዬ ነገርኳት። “ያንቺ ልጅ ተማሪ ናት፤ እሱ ዶክተር ነው” አለችኝ። ስለዚህ አብሬያት ሄድኩ።

ክሊኒኩ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። እትዬ በየደረጃው አንድ እግር እያስቀደመች፣ ሌላውን እየጎተተች፣ በየፎቁ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። ጉልበት የሚያክም ሰው የጉልበት በሽተኞቹን አራተኛ ፎቅ ይጠራል። ከላይ ስንደርስ ደግሞ የተቀበለን ሶፋ ነው። ነጭ፣ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚውጥ። አንዲት ደልደል ያለች ሴት ቀድማ ተቀምጣበታለች። ካየኋት ጀምሮ እንዴት እንደምትነሣ ነበር ያሳሰበኝ። እትዬን አስቀመጥኳት፤ እኔ ቆምኩ።

ሰውየው መጣ። ሽቶው ቀደመው።

“እናቶቼ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ማዘር፣ አይዞሽ፤ ዛሬ በዱላ ገብተሽ ነገ ዱላውን ትወረውሪዋለሽ።”

ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት አንቺ አላት። ምናልባት እንደ መቅረብ ቆጥሮት ይሆናል።

እትዬ አልተቀየመችም። እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። “ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለችው። “ይሄ መርፌ የጾም ነው?”

ሰውየው ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ በጣቶቻችን ላይ ያለውን ዘንባባ አየ። አፉን ሲዘጋ ፊቱ የመምሬ ፊት ሆኗል።

“የጾም ነው እንጂ፣ ማዘር! መቶ በመቶ ከዕፅዋት የተሠራ ነው።”

“ተመስገን!” አለች ሶፋው ላይ ያለችው ሴት። “እኔማ ከፋሲካ በኋላ ላደርገው ነበር።”

“ከምን ዕፅ ነው?” አልኩት።

“ማዘር?”

“ከምን ዕፅ ነው የተሠራው? ከተልባ ነው? ከእሬት ነው?”

“አዎ፣ እሬትም አለበት” አለ።

እሬትን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኮሶ ብለው ኖሮም ኮሶ አለበት ይለኝ ነበር።

ብልቃጡን አሳየኝ አልኩት። በኩራት ወደ መደርደሪያው ወሰደኝ። መስታወት መደርደሪያ ነው፤ ከላይ አምፖል ቦግ ብሏል። ከፊት ቅባቶች አጠገብ ስድስት ብልቃጦች ተደርድረዋል። የልጄ ብልቃጥ በበረዶ ታቅፎ መጣ፤ እስካሁንም ሳይቀዘቅዝ ያደረበት ቀን የለም። የእሱ አምፖል ይሞቃል። አንዱን አንሥቼ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት።

“ማዘር፣ ፎቶ ክልክል ነው።”

“ለሴት ልጄ ነው።”

“ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው?”

“አጥንት” አልኩት።

ፎቶውን ላክሁና ደወልኩላት። እሑድም ቢሆን ላብራቶሪ ናት። ሴሎቿ ምግባቸው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፤ በዓል አያውቁም። ስለዚህ ነገር ከዚህ ቀደም የንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸው፣ “በሰንበት ከብት ውኃ አይጠጣም እንዴ?” ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ አልቆጣትም።

እትዬ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

“እማዬ፣ ደርሶኛል። ቆይ ላንብበው” አለች። ብዙ አልቆየችም። “‘ለምርምር ብቻ። ለሰው አይሰጥም’ ይላል። በትልቁ ጽፎታል እኮ! የእኔው ዓይነት ነው፤ የእኔው ግን ዱቄት ነው፣ ይሄ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ማን በጠበጠው? በምን? መቼ?”

ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። “ፎርማሊቲ ነው፣ ማዘር። ፈረንጅ ሁሉም ነገር ላይ እንደዚህ ይጽፋል። ለመጠንቀቅ ያህል ነው።”

እትዬ ግን የራሷን ጥያቄ አልተወችም። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ጮኸች። “ልጄ፣ ከምን እንደተሠራ ጽፏል? ዕፅ ነው ይላል?”

“እትዬ? እንደምን ዋሉ? ዕፅ አይልም። የሰው ፕሮቲን ነው፤ በባክቴሪያ የተመረተ።”

“የሰው!” አለች ሶፋው ላይ ያለችው ሴት። ልትነሣ ሞከረች፤ ሶፋው አልለቀቃትም። እንደገና ሞከረች። “የሰው ሥጋ ነው? በሕማማት ዋዜማ? አንሡኝ እባካችሁ!”

“ከዕፅዋት ነው! ከዕፅዋት!” ይላል ሰውየው። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ስልኩ ይዞራል።

ልጄ ሳቋን ስትይዝ ሰማኋት። “ከሰው ሥጋ አልተቆረጠም። መመሪያው የሰው ነው፤ ሠሪው ባክቴሪያ ነው። እርሾ ውስጥ እንዳሉት ዓይነት፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ናቸው።”

“ደም አለው?” አለች እትዬ።

“የለውም።”

“ወተትስ?”

“ወተትም የለውም፣ እትዬ።”

እትዬ ቀና አለች። “እንግዲያማ የጾም ነው። ውጋኝ” አለችው።

“አላልኩም?” አለ ሰውየው። ከደቂቃ በፊት እሬት ነበረ፤ አሁን ባክቴሪያውም የእሱ ሆነ። መርፌውን ሊያመጣ እጁን ወደ ጓንት ዘረጋ።

“እትዬ፣ እባክዎ!” አለች ልጄ። አሁን እየሳቀች አይደለም። “የጾም መሆኑን ተዉት። ይሄ ነገር መልእክቱን ለተሳሳተ ቦታ ከሰጠ አጥንት በማይኖርበት አጥንት ያበቅላል። ደግሞ ሙቀት ላይ የቆየ ነው። ውስጡ ምን እንደቀረ አላውቅም። ማንም አያውቅም።”

“አየሽ፣ ማዘር?” አለ ሰውየው ለእትዬ፣ ለስለስ ብሎ። “አላውቅም አለች። እኔ አውቃለሁ።”

በሕይወቴ ብዙ ሌባ አይቻለሁ። መሬታችን ሲለካ ሜትር የሚያሳጥር አይቻለሁ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ አይቻለሁ። እነዚያ ቢያንስ ሲሠሩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህ ግን የልጄን ሐቀኝነት ከአፏ ነጥቆ፣ እዚያው ፊቷ ላይ ሸጠው። እትዬም ገዛችው። ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ መሰብሰብ ጀመረች። የጉልበቷ ቆዳ ከስግደት ብዛት ጠቁሮ ደድሯል። ልጎትታት አልችልም፤ ትበልጠኛለች። ልዋሻትም አልችልም። የአይጥ ነው ብላት ኖሮ ያኔውኑ ትነሣ ነበር። አሰብኩትም። የዘንባባ ቀለበቴን አየሁና ተውኩት።

“እናትህ አሉ?” አልኩት።

ሰውየው ዞር አለ። ዕርቅ የመጣ መስሎት ፊቱ በራ። “አሉ፣ ይመስገን!”

“ጉልበታቸውስ እንዴት ነው?”

“ወይ ማዘር! እሷም እንደናንተው ናት። ‘ጉልበቴ፣ ጉልበቴ’ እያለች ዓመት ሙሉ ትነዘንዘኛለች።”

“እና ስንት መርፌ ወጋሃት?”

ጓንቱ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀረ። ሶፋው ላይ ያለችው ሴት እንኳ መንፈራገጧን ተወች።

“እሷ…” አለ። “እሷ መርፌ ትፈራለች።”

“ስንት ልጅ ወልዳለች?” አለች እትዬ። ይህን የጠየቀችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

“ሰባት።”

“ሰባት ወልዳ መርፌ ፈራች” አለች እትዬ፣ ለራሷ። ቀሚሷን ወደ ታች መለሰች። “ዱላዬን አቀብዪኝ።”

ሰውየው ከኋላችን ብዙ አወራ። ቅናሽ አለ፤ ሌላም ዓይነት አለ፤ የውጭ ሰርተፊኬት አለኝ አለ። ሴትዮዋን ከሶፋው ለማውጣት ሁለታችንም አንዳንድ እጇን ያዝን። እሱ ቆሞ አየ። እንደ ወጣች አልመረቀችውም፤ ቻው አላለችውም።

ደረጃውን ስንወርድ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በሆዴ ሰውየውን ደግሜ ደግሜ እያዋረድኩት ነበር የምወርደው። እትዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። ግድግዳውን ተደግፋ አየችኝ።

“አሁን ደስ አለሽ?” አለችኝ። “ነገስ በምን ልሰግድ ነው?”

ሰውየውን ንቄዋለሁ፤ ንቀቴ ግን ለእሷ ጉልበት አልሆናትም። ልጄ “አላውቅም” የምትለው እንዲህ ባለው ጊዜ መሆን አለበት።

እስከ ሰፈራችን በታክሲ ሄድን። በሯ ላይ ስትወርድ፣ “በርጩማ ይዤ ብመጣ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ” አለችኝ። ያን የሲኒማ ቀልዴን እንዳልረሳችው ገባኝ። በሩን ዘጋች።

በማግስቱ፣ የሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ ከቤቴ ሁለት የፕላስቲክ በርጩማ ይዤ ወጣሁ። ሰማያዊዎቹን፣ ልብስ ሳጥብ የምቀመጥባቸውን። የእኔ ጉልበት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም።

እትዬ ቀድማኝ ደርሳ ከሴቶቹ ኋላ፣ አጥሩ ጥግ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ አልተሳሳምንም። በርጩማዎቹን ጥግ አላደረግኋቸውም፤ ከፊተኛው ረድፍ፣ ሁሉ በሚያየን ቦታ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ከዚያ መጀመሪያ እኔ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ አዩኝ። በሆዳቸው የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ የእኔ ነው።

ስግደቱ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ ተነሣ፤ ወረደ፣ ተነሣ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ የዱላ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጎኔ ያለው በርጩማ ሲጢጥ አለ።

ሁለታችንም ራሳችንን ዝቅ አደረግን። “ኪራላይሶን” አልን።